እርም የማውጣት ሥልጠና

የኮልፌዋ ጥሩብርሃን አልቃሽ ነበረች። አልቃሽ ሲባል ሆዷ ቶሎ የሚባባ ሴት እንዳትመስላችሁ። ሰው ሲሞት ተጠርታ የምትሄድ፣ ሟቹ ማን እንደነበረ፣ ምን ሠርቶ ይኖር እንደነበር፣ በምን እንደሞተ ጠይቃ የምታጣራ፣ ከዚያም ሙሾ እያወረደች ለቀስተኛውን ሁሉ ደረት የምታስመታ ባለሙያ ነበረች። ስስታሙን «ለነገ አሳቢ»፣ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውን «ቆፍጣና» እያለች ስንቱን አስከብራ ሸኝታለች። አሟሟትን ግን አትዋሽም። በተቅማጥ የሞተውን በጦር ሜዳ ወደቀ ብላ አታውቅም። ሰው በምን እንደሞተ ካልተነገረለት ግማሽ አካሉ ሳይቀበር ቀረ ማለት ነው፣ ትል ነበር።

ታዲያ ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት ዘመን አልቃሽ ሥራ ፈታች ቢባል ማን ያምናል? ግን ሆነ። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ጣሊያን ሰው ተሰብስቦ ማየት አልወደደም። ለቀስተኛ የበዛበት ግቢ እንደ ሽፍታ ምሽግ ተቆጠረ። የኮልፌ ሰው ሬሳውን ካገኘ በሹክሹክታ ቀበረ፣ ካላገኘም በሩን ዘግቶ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ሞቱ ሲፈቀድ ለቅሶው ተከለከለ። ጥሩብርሃን ሁለት ዓመት ያህል ጎመን ስትቸረችር ቆይታ፣ በ1931 ዓ.ም. የእብዶች ግቢ ሴት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰማችና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

የእብዶች ግቢ የሚባለው ቀድሞ የአንድ ባላባት የበቅሎ ጋጥ የነበረ፣ ጣሊያን ቆርቆሮ አልብሶ ኖራ የቀባው ረጅም ቤት ነው። ባላባቱም በቅሎዎቹም ከሄዱ ቆይተዋል፤ ሽታቸው ግን አልሄደም። በአንዱ ወገን ወንዶች፣ በሌላው ወገን ሴቶች በየጋጡ ጭድ ላይ ይተኛሉ። የግቢው አዛዥ ኢጣሊያዊ ዶክተር ነው፤ ሠራተኛው «ዶቶሬ» ይለዋል። ዶቶሬ በቀን ሃያ ጊዜ እጁን የሚታጠብ ንጹሕ ሰው ነበር። አንድም በሽተኛ ሳይነካ ምኑን እንደሚታጠብ ግን ለማንም ገብቶት አያውቅም።

ዶቶሬ ኮልፌ ድረስ የመጣው ጥራት ሊያመጣ ነው። ይህች ቃል ከአፉ አትጠፋም። እሱ በጣሊያንኛ ይላታል፣ አስተርጓሚው ነገሬ ደግሞ በአማርኛ ያቀብላታል። ነገሬ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደገው፣ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ ጎልማሳ ነው። ጣሊያንኛው ቀጥ ያለ ነው ይባላል፤ ትርጉሙ ግን ወደ አለቃው ደስታ ያጋድላል። አንድ ቀን አንደኛው ሠራተኛ ዱባለ ተናዶ «ይሄ ሰውዬ ከበሽተኞቹ በምን ይሻላል?» ቢል፣ ነገሬ «ጤናዎ እንዴት ነው ይላል» ብሎ ተረጎመው። ዶቶሬም ደህና መሆኑን ገልጾ ከልቡ አመሰገነ።

ሥልጠናው ሦስት ሳምንት የፈጀ ነበር። ሰልጣኞቹ ስድስት ናቸው። ከነሱ መካከል በዚህ ሙያ የቆየው ዱባለ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የታመመ ሰው በገመድ አስሮ ጠበል በማድረስ የታወቀ ጉልበተኛ እንጂ ሌላ ሙያ አልነበረውም። መጀመሪያ ቀን ዶቶሬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አልጋ ሣለና አንሶላ እንዴት እንደሚወጠር አስተማረ። በግቢው ውስጥ ያሉት አልጋዎች ሁለት ብቻ ስለሆኑ ሰልጣኞቹ ተራ በተራ እየወጡ አየሩን በእጃቸው ሲወጥሩ ዋሉ። ዱባለ የወጠረው አየር ተጨማዷል ተብሎ ሁለት ጊዜ ደገመ።

በሁለተኛው ሳምንት የጩኸት ትምህርት መጣ። በየበሩ ወረቀት ይለጠፋል፤ በሽተኛ አንድ ጊዜ በጮኸ ቁጥር ሠራተኛው አንድ ጭረት ይጭራል፤ ማታ ዶቶሬ ጭረቶቹን ይደምራል። ጭረት ከቀነሰ ጥራት ጨመረ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ፣ ለሞተ ሰው ከስምንት ቀን በላይ ማልቀስ በሽታ መሆኑ በሰሌዳ ላይ በቀይ ጠመኔ ተጻፈ። ጥሩብርሃን ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። «ስምንት ቀን? አርባውንና ሙት ዓመቱን ማን ያወጣል ታዲያ?» አለች። ከዚያም ሳቁን ትታ፣ «ሰዎቹ ስለምን እንደሚጮኹ የምንማረው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ነገሬ ትንሽ አሰብ አደረገና «ወረቀቱ ሲያልቅ ከየት እንውሰድ ትላለች» አለ። ዶቶሬ ጥያቄው ብልህ ነው ብሎ ከመጋዘን እንዲሰጣት አዘዘ።

ለፈተናው ዱባለ እብድ እንዲሆን ተደረገ። የቀሩት አምስቱ እጅጌው እግር የሚደርስ ሸሚዝ አልብሰው ሊያስሩት ሲታገሉ ዱባለ አንድ ጊዜ ደረቱን ነፋ፤ ሸሚዙ ከጀርባው ተተረተረ። ስድስቱም አለፉ። አንድም ሰው ቢወድቅ የዶቶሬ ሪፖርት ይበላሽ ነበርና እሱም ያለፈው አብሮ ነው። ጥሩብርሃን ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀትና ነጭ ጋዋን ተሰጣት። ወረቀቱን ቤቷ ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቀለችው። ጋዋኑን ለብሳ፣ ትቸረችርበት በነበረው ገበያ መካከል ጎመን እያማረጠች «ይሄ ጥራት የለውም» ማለት ስትጀምር፣ የድሮ ባልንጀሮቿ ጀርባዋን እያዩ ተጠቃቀሱ። እውነቱን ለመናገር ወረቀቱን ትወደው ነበር። ሙያ የነጠቃት ዘመን ሌላ ሙያ ሲሰጣት ከየት እንደመጣ አጥብቃ አልጠየቀችም።

አልማዜን ያገኘቻት ሥራ በጀመረች በሳምንቷ ነው።

አልማዜ የሸማኔው የወልደሰንበት ሚስት ነበረች፤ ከጋሞ መጥተው ኮልፌ ከከረሙ ቤተሰቦች ወገን ናቸው። በዚያ የካቲት ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች ወልደሰንበትን ከሽመና ጉድጓዱ ጎትተው አወጡት፤ ደጃፉ ላይ በጥይት መቱት፤ ሬሳውን በካሚዮን ጭነው የት እንዳደረሱት ሳይታወቅ ቀረ። አልቃሽ አልተጠራም፣ ድንኳን አልተጣለም። አልማዜ አላለቀሰችም። በስድስተኛው ወር ካሚዮን ባለፈ ቁጥር ወደ መንገድ እየወጣች መጮኽ ጀመረች፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ሩቅ የሄደን ሰው እንደሚጠራ ያለ ጩኸት። ጎረቤት ዛር ነው አለ። ዱባለ አስሮ ጠበል ወሰዳት፣ ጠበሉም አልያዘላትም። በመጨረሻ ጣሊያኖቹ ከመንገድ ላይ አንስተው እዚህ አስገቧት። የአራት ዓመት ልጇ ከአማቷ ከእማማ ወለተጻድቅ ጋር ቀረች።

በአልማዜ በር ላይ ያለው ወረቀት በቀን አርባ ጭረት ይሞላ ነበር። ጥሩብርሃን እርሳሷን ይዛ ሁለት ቀን አደመጠቻት። ይህ እንግዲህ የድሮ ሙያዋ ነው፤ የባል ጩኸትና የልጅ ጩኸት ለይታ የምታውቅ ሴት ናት። በሦስተኛው ቀን እርሳሱን አስቀምጣ ለዱባለ «ይቺ ሴት አላበደችም» አለችው። «እርሟን አላወጣችም እንጂ።»

ዱባለ አንገቱን ነቀነቀ። «እኔ እኮ አስሬ ነው የወሰድኳት» አለ።

ነገሩ በዚህ ቢቆይ ጥሩብርሃን ጭረቷን እየጫረች ደመወዟን ትበላ ነበር። ግን አንድ ትልቅ ሹም የግቢውን ጥራት ሊመለከት በመጪው ሳምንት ማክሰኞ እንደሚመጣ ተነገረ። ዶቶሬ ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስቦ ደመረና የአልማዜ አርባ ጭረት የወሩን ድምር እንዳበላሸው አገኘ። እስከ ቅዳሜ ካልቀነሰች ሰኞ ወደ መርፌው ክፍል ትገባለች አለ። መርፌው ሰውን የሚያንቀጠቅጥ፣ ዓይን የሚገለብጥ ነው። ከወር በፊት ሙሉወርቅ የምትባል ሴት ገብታበት ወጥታለች። ሙሉወርቅ ጭረቷ ዜሮ ስለሆነ ስሟ በአረንጓዴ ቀለም ተጻፈ። እናቷ ልትጠይቃት መጥታ ስለ ሴት ልጇ ብታወራላት ግን «ልጅ አለኝ እንዴ?» ብላ መለሰችላት።

እማማ ወለተጻድቅ ይህን ወሬ ሰምተው ኖሮ ረቡዕ ዕለት ቆሎ ቋጥረው በሩ ላይ ጠበቁ።

«ጥሩዬ፣ አንቺ የማታውቂው ለቅሶ የለም» አሉ። «ልጄን በሉት። ሬሳውን እንኳ አላሳዩኝም። አሁን ደግሞ ምራቴን ባዶ አድርገው ሊሰጡኝ ነው። ያቺ ሕፃን አባቷን እንደሁ አታውቀው፣ እናቷም ካላወቀቻት ምን ልላት ነው?»

«እማማ፣ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»

«ወረቀት አለሽ ሲሉ ሰማሁ እንጂ» አሉ አሮጊቷ።

ጥሩብርሃንን ይቺ ነገር ቆረጠመቻት። በቀጥታ ነገሬ ዘንድ ሄዳ «ሦስት ቀን ለቅሶ እንዲፈቅድልኝ ንገርልኝ» አለችው።

«አብደሻል?» አለ ነገሬ። በዕድሜ እናቱ ልትሆን ትችላለች፤ እሱ ግን ቅባት ከተቀባ ወዲህ ሁሉንም አንተ፣ አንቺ ነበር የሚለው። «ለቅሶ የሚለውን ቃል ከተነፈስኩ አንቺን ከዚህ ያባርሩሻል፣ እኔን ደግሞ የት እንደሚያደርሱኝ እግዜር ይወቀው።»

«ቃሉን አትንገረው። መቼ አንድም ቀን የተባለውን ነግረኸው ታውቃለህ?»

ነገሬ ሊቆጣ አሰበና ተወው። አገጩን ዳበስ ዳበስ አደረገ። «ደረት ትመታላችሁ?»

«እንዴታ።»

«ትዘላላችሁስ?»

«ሲብስ እንዘላለን።»

ነገሬ ገብቶ ተመለሰ፣ ፈገግ ብሏል። ዶቶሬ ለሴቶቹ የጠዋት ጂምናስቲክ ፈቅዶ ነበር። መፍቀድ ብቻ አይደለም፤ ደረትን የሚያጠነክር ስፖርት በአገሩ በጣም የተከበረ መሆኑን፣ አንዲት የኮልፌ ሴት ይህን ከራሷ ማፍለቋ የሥልጠናውን ፍሬ እንደሚያሳይ በማስታወሻው ጽፏል።

ሐሙስ ጠዋት ከሁለቱ አልጋዎች አንዱ ወደ ሴቶቹ ክፍል ተወሰደ። ጥሩብርሃን አንሶላውን በተማረችው መሠረት ወጠረችው፤ ለዚህች እንኳ ትምህርቱ ጠቀመ። በላዩ የወልደሰንበትን ጋቢና የሽመና መወርወሪያውን አስቀመጠች፤ እማማ ወለተጻድቅ በበሩ ፍርግርግ ያቀበሏት ናቸው። ሬሳው ያልተገኘ ሰው እንዲህ በልብሱና በመሣሪያው ይለቀስለታል። ሴቶቹ አልጋውን እንዳዩ ሳይነገራቸው ክብ ሠሩ። እብዶች ናቸው የተባሉት ሁሉ ቦታቸውን ያውቁ ነበር።

«ወልደሰንበት ሄደ ድሩን ሳይጨርሰው፣
ጋቢው በግማሽ ነው ማን ይሆን ሚለብሰው።»

ዶቶሬ ሰዓቱን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ደረት ሲመታ «አንድ፣ ሁለት» እያለ በእጁ ይመራል። አንዲት ሴት ባሏን እየጠራች መሬት ላይ ስትወድቅ፣ ጀርባዋ ቀጥ ይበል እንዲባልላት ነገሬን አዘዘ። ነገሬ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

አልማዜ ወደ አልጋው ቀርባ መወርወሪያውን አነሳች። በአውራ ጣት ተበልቶ የጎደጎደውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው፣ የራሷንም ጣት ከተተችበት። «እኔን!» አለች፣ «እኔን ወልደሰንበት! እኔን!» እንባዋ በሁለት ዓመቱ ወረደ። ሌሎቹም የየራሳቸውን ሙት እየጠሩ ተከተሏት፤ ወንድም፣ ባል፣ ልጅ። እዚያ ቤት ያለ ሙት የተቀመጠች አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም። ዱባለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ዶቶሬ እሱንም ከስፖርተኞቹ ቆጠረው።

አንድ ነገር ግን ጎደለ፤ ይህን ስል እየወቀስኳት ነው። ጥሩብርሃን የሟቹን ደግነት፣ ሙያውን፣ ቁመናውን፣ ሁሉን አወረደች፤ አሟሟቱን ግን ዘለለችው። በረኛው ጠመንጃ ያነገተ የአገር ሰው ነው፣ አማርኛ ይሰማል። ጋዋኗም ነጭ ነው፣ ወረቀቷም ግድግዳ ላይ ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሟች በምን እንደሞተ ሳትናገር ሙሾ አወረደች፤ ማታ ቤቷ ገብታ እህል አልበላ አላት።

ያም ሆኖ ለቅሶው ሥራውን ሠራ። ቅዳሜ፣ በሦስተኛው ቀን፣ አልማዜ ፊቷን ታጥባ ማበጠሪያ ጠየቀች። ከዚያ «የልጄን ፀጉር ማን ነው የሚሠራላት?» አለች። ካሚዮን በውጭ አለፈ፤ ቀና ብላ አየችና ወደ ማበጠሪያዋ ተመለሰች። ወረቀቷ ባዶ ዋለ። ዶቶሬ ስለ ጂምናስቲክ ዘጠኝ ገጽ ጻፈ።

መርፌው ቀረ። ነገር ግን ከዚህ ግቢ ለመውጣት በሹሙ ፊት ጤነኛ መባል ያስፈልጋል፣ ለዚህም የሚሞላ ቅጽ አለ። ሰኞ ዕለት ነገሬ ጥሩብርሃንን ወደ ጥግ ሳባትና በቅጹ ላይ «ባልሽ በምን ሞተ?» የሚል ጥያቄ እንዳለ ነገራት። «ሹሙ ራሱ ጥቂት አማርኛ ስለሚሰማ አዙሬ መተርጎም አልችልም፤ እውነቱን ከተናገረች እብድ ሳትሆን ሽፍታ ናት ብሎ እስር ቤት ይወስዳታል። በትኩሳት እንድትል ንገሪያት።»

ጥሩብርሃን አልማዜን ልብስ ከምታጥብበት አገኘቻት።

«ነገ ሲጠይቁሽ በትኩሳት ሞተ በይ።»

አልማዜ እጇን ከውሃው ሳታወጣ አየቻት። «እትዬ፣ ሳብድ እውነቱን ስጮኽ ነበር» አለች። «አሁን ተሽሎሻል ሲሉኝ ነው የምዋሸው?»

«ለልጅሽ ብለሽ።»

«እርስዎስ በሙሾው አሟሟቱን ለምን ብለው ነው የዘለሉት?»

ጥሩብርሃን የታጠበውን ልብስ አንስታ ልታሰጣ ሄደች።

ማክሰኞ ሹሙ መጣ። ነፋሻ ነው ተብሎ ጠረጴዛው በረንዳ ላይ ተዘረጋ፤ ከበሩ እስከዚያ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ስድስቱ ሰልጣኞች በነጭ ጋዋን ተደረደሩ። አልማዜ ፀጉሯን ተሠርታ ቀረበች። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ቀኑ ምን እንደሆነ ተናገረች። ቀኑን ከዶቶሬ ይልቅ እሷ በትክክል አወቀችው። ነገሬ ቀጣዩን ጥያቄ ከቅጹ አነበበላት።

«ባልሽ በምን ሞተ?»

አልማዜ ቀና ብላ ጥሩብርሃንን አየቻት። ጥሩብርሃን በልቧ ሥላሴን ጠራች።

«በትኩሳት» አለች አልማዜ።

ሹሙ ፊርማውን አኖረ፤ ዶቶሬ ማኅተሙን መታ። ጤነኛ። ሁሉም ተነፈሰ፤ ዶቶሬ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። አልማዜ ጨርቋን ይዛ ወደ በሩ ሄደች፣ ጥሩብርሃንም ልትሸኛት ተከተለቻት።

በፍርግርጉ ማዶ እማማ ወለተጻድቅ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ምራታቸውን ለማቀፍ የዘረጉት እጅ መንገድ ላይ ቀርቷል።

«ልጄ በምን ሞተ አልሽ?» አሉ።

አልማዜ አንገቷን ደፋች። አሮጊቷ ደገሙት፤ አልተቆጡም፣ እንዲያው ሊያውቁ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። «እኔ ደሙን በእጄ ከደጃፍ ላይ አጥቤያለሁ። በምን አልሽ?»

ጥሩብርሃን በረኛውን አየችው። ከዚያ ጋዋኗን አወለቀች፣ አጥፋ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ሐሙስ ዕለት የዘለለችው አሟሟት አሁን በድምጿ ወጣ።

«ትኩሳት አይደለም የገደለው እሱን፣
በገዛ ደጃፉ አፈሰሱት ደሙን።»

እማማ ወለተጻድቅ ደረታቸውን መቱ። አልማዜ እዚያው ተንበረከከች። በረኛው ጫማውን ማየት ጀመረ። በረንዳው ላይ ሹሙ ፊቱን ቋጠር አድርጎ፣ ሙሾው ለጥቂት አማርኛው ፈጥኖበት ኖሮ፣ ምን እያለች እንደሆነ ጠየቀ። ዶቶሬ ወደ ነገሬ ዞረ።

የነገሬ ፊት አመድ መሰለ።

«የሥልጠናውን ጥራት እያመሰገነች ነው» አለ።

ዶቶሬ ደስታው ፊቱን ሞላው። አጨበጨበ፣ ሹሙም አጨበጨበ። «ብራቫ!» አለ ዶቶሬ፣ «ድገሚው በላት።»

ነገሬ ወደ በሩ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አላት።

«እትዬ፣ ይድገሙት ይላሉ።»

ጥሩብርሃን ደገመችው። ከውስጥ ሴቶቹ በመስኮቱ ተቀበሏት።